ቀዩ ጀሪካን፦ ርካሽ ኩላንት ከስምንት ወር በኋላ

ባለፈው መስከረም ለፐልሰር ኤንኤስ 200 ሞተሬ አንድ ጀሪካን ቀይ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ገዛሁ። ዋጋው የደህናው ሲሶ ነበር። ባለሱቁ «ሁሉም ያው ነው፣ ገንዘብህን የምትከፍለው ለቀለሙ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

የምኖረው ጎንደር ነው፤ በየቀኑ ከማራኪ አዘዞ ደርሼ እመለሳለሁ። አንዳንድ እሁድ በቆላ ድባ አድርጌ ጎርጎራ እወርዳለሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ሞተሩ አንድም ቀን አላፈላም። የከተራ ዕለት ፒያሳ ላይ ሕዝብ መሃል ገብቼ በአንደኛ ማርሽ ስንፏቀቅ፣ ፋኑ ያለ እረፍት ሲጮህ እንኳ የሙቀት መብራቱ አልበራም። ያን ሰሞን ላገኘሁት ሁሉ ስለ ርካሽ ኩላንት ሰበክሁ። ቦክሰር የሚነዳ ጓደኛዬማ ሊገዛ ተነስቶ ነበር። የሱ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ የት ሊያፈሰው እንደነበር እንጃ።

ለነገሩ አለማፍላቱ አይገርምም። ሙቀት በመሸከም ተራ ውሃ ደህና ኩላንት ውስጥ ካለው ግላይኮል ከሚባለው ፈሳሽ ይበልጣል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግን ግፊት ይይዛል፣ መፍያውን ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ቀይ ውሃም ያቀዘቅዛል። እኔም የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ስላልሞቀ ደህና መሰለኝ።

የካቲት ላይ የመጠባበቂያዋ ጠርሙስ ቀለም ከቀይ ወደ ቀጭን ሻይ ተቀየረ። ችላ አልኩት። ግንቦት ላይ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ጠብታ ማየት ጀመርኩ። በነጭ ጨርቅ ብጠርጋት የዝገት ቀለም ተወች። ጎንበስ ብዬ ሳይ የምትንጠባጠበው ከውሃ ፓምፑ ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። በውሃውና በዘይቱ ማኅተሞች (ፈሳሽ እንዳያልፍ በሚዘጉት ሲሎች) መሃል ስላለች፣ የውሃው ማኅተም ሲያልቅ ውሃው ዘይት ውስጥ ሳይገባ በሷ በኩል ይወጣል። ቶሎ ዘይቱን አየሁ። ማኪያቶ ቢመስል ኖሮ አለቀልኝ ነበር። ደግነቱ ንጹህ ነው።

የጎረቤት ውሻ መጥቶ ጠብታዋን ሊልስ ሲል አባረርኩት። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፣ ኩላሊት ይገድላል። በኋላ ካየሁት ተነስቼ ስገምት ግን ቢልስም ብዙም የሚያገኘው አልነበረም። የኩላንቱ ውሸት ውሻውን አተረፈው።

መካኒኩ ፓምፑን ፈቶ አሳየኝ። ቢላዎቹ ላይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ተለጥፏል። ዘንጉ ማኅተሙ በሚነካው ቦታ ላይ በዝገት ተበልቷል። «ጋሼ፣ ኩላንት እኮ ነው ያደረግኩት» አልኩት። «ምን ኩላንት ነው ጃል፣ ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው» አለ።

አላመንኩትም። ማታ ከጀሪካኑ ትንሽ በሃይላንድ ቀዳሁ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ «መርዝ» ብዬ ጻፍኩበትና እህቴ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ግላይኮል እስከ 35 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም፤ የቤት ፍሪዘር ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ገደማ ነው። ጠዋት ስከፍተው ቀይ ድንጋይ ሆኗል። እህቴ «ከልጆቼ በረዶ ጋር ምን ያስቀምጠዋል?» ብላ ጮኸችብኝ። ልክ ነበረች፤ እናንተ በሰው ፍሪዘር አትሞክሩት።

እርግጥ ጎንደር ውሃ ራዲያተር ውስጥ አይረጋም። እኔን የጎዳኝ ከግላይኮሉ ይልቅ አብሮት መኖር የነበረበት ዝገት ተከላካይ አለመኖሩ ነው። እሱ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መሆኑም ምንም አይነግርም። ጥፋቱን ሁሉ በኩላንቱ ላይ አልጭንም። ሞተሩን የገዛሁት ያገለገለ ነው፣ ማኅተሙም አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ዘንጉን ግን እርጅና አያዝገውም።

አሁን የያዝኩት ለአሉሚኒየም ሞተር የሚሆን፣ ሲሊኬት (የፓምፕ ማኅተም ሊፍቅ የሚችል ተጨማሪ) የሌለው መሆኑ የተጻፈበት፣ ገና ውሃ ያልተቀላቀለ ወፍራም ኩላንት ነው። በተጣራ የባትሪ ውሃ ግማሽ በግማሽ አቀላቅለዋለሁ፤ ሱቅ ስትሄዱ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ብቻ። በዚህ መንገድ የሊትሩ ዋጋ ካሰብኩት በታች ወረደ። ከመሙላቴ በፊት ራዲያተሩን በተጣራ ውሃ ሁለቴ አጠብኩት። መንገድ ላይ ቢያልቅባችሁ ንጹህ ውሃ ጨምሮ ቤት መድረስ ችግር የለውም፤ ክዳኑን ግን ሞተሩ ሳይበርድ አትንኩት።

ሦስት ወር ሆነው። ክረምት ስለሆነ ሙቀቱ ገና አልፈተነውም፤ ከሥሩ የማነጥፈው ካርቶን ግን ደረቅ ነው። የቀረው ግማሽ ጀሪካን ቀይ ውሃ አሁንም በረንዳው ጥግ ተቀምጧል። ቦይ ውስጥ ብደፋው ቀሃ ወንዝ ይወርዳል፤ መካኒኩም አልቀበልም ብሏል።