ዱቄቱ ወይስ ፈሳሹ? ለጥራጥሬ ዘር የሚሆን ባክቴሪያ ሲገዙ

ማሳዎን በቬች፣ በላብላብ (ሁለቱም የመኖ ጥራጥሬ ናቸው) ወይም በግብጦ ሸፍነው አፈሩን ሊያለሙ ካሰቡ ከዘሩ ጋር ሕያው ማዳበሪያ ይግዙ። ማዳበሪያ ይባል እንጂ ባክቴሪያ ነው፤ ስሙም ራይዞቢየም ይባላል። ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች ይሠራና ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል። ሰብሉ ገና ለምለም ሳለ ታርሶ አፈር ውስጥ ሲገባ ናይትሮጅኑ ለቀጣዩ ስንዴ ወይም በቆሎ ይተርፋል።

በዱቄትም በፈሳሽም ይመጣል። እኛ ዘንድ ለገበሬው በብዛት የሚደርሰው ጥቁሩ ዱቄት ነው። ባለ 125 ግራም ከረጢቱ ለሩብ ሄክታር ይበቃል፤ ለሄክታር 4 ከረጢት መሆኑ ነው። ባክቴሪያው ዱቄቱ ውስጥ ስለሚሸሸግ ድርቀትን ትንሽ ይቋቋማል። ጣጣው ማሸቱ ነው። ጥላ ሥር ሳፋ ላይ ዘሩን በስኳር ውኃ ማርጠብ፣ ዱቄቱን መነስነስ፣ እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁር እስኪለብስ በእጅ ማገላበጥ ነው። ከዚያ በዚያው ቀን መዝራትና ወዲያው አፈር ማልበስ።

ፈሳሹ ለሥራ ይቀላል። እጅ አያቆሽሽም፣ በማሽን ለሚዘራ ሰፊ እርሻም ይመቻል። ግን ዘሩ ላይ ሲደርቅ ባክቴሪያው ቶሎ ይሞታል፤ እስከ ማሳው ድረስም ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ፍሪጅ ከሌለዎት ይቅርብዎት። ለአነስተኛ ማሳ የእኔ ምርጫ ያለ ጥርጥር ዱቄቱ ነው።

ከሁለቱም በላይ ግን ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የሰብል ስም ይዩ። የባቄላው ለአተር፣ ለምስር፣ ለጓያና ለቬችም ይሆናል። ሽምብራ የራሱ አለው፤ አኩሪ አተርም፣ ግብጦም እንደዚያው። ላብላብ ከአደንጓሬ ጋር ሳይሆን ከላም አተር ጋር ነው የሚመደበው። የአኩሪ አተሩን ቬች ላይ ቢያሹት ድካም ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚያበቃበትን ቀንና የተቀመጠበትን ቦታ ይመልከቱ። እኔ አንድ ዓመት ከመስኮት ሥር፣ ፀሐይ ላይ ከተደረደረው አንስቼ ገዛሁ። ቀኑ ገና አላለፈም ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቬቹን ቆፍሬ ሳየው ሥሩ እንደታጠበ ንጹሕ ነው፤ አንድ እባጭ የለም። አሁን ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ካላስቀመጠ ሱቅ አልገዛም። በፀረ ፈንገስ የታሸ ዘርም አልጠቀምም፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

ያው ሰብል ከለመደበት ማሳ አፈር አምጥቶ መበተንም አለ። ነፃ ነው፣ ይሠራልም። ነገር ግን አረምና የሥር በሽታ አብሮ ይጓዛል፤ ከጎረቤት ማሳ ለማምጣት አልደፍርም። ዩሪያ ደግሞ ምትክ አይሆንም። ተክሉ ናይትሮጅን ከጠገበ እባጭ መሥራቱን ይተዋል። አፈርዎ አሲዳማ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኖራ ይግዙ፤ በጣም አሲዳማ የሆነ አፈር ላይ የትኛውም ከረጢት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሰብሉ ሊያብብ ሲል ሁለት ሦስት እግር ተክል ቆፍረው ያውጡ። ጎትተው አይንቀሉ፣ እባጩ አፈር ውስጥ ይቀራል። አንዱን በጥፍርዎ ይሰንጥቁት። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ካለ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እየሠራ አይደለም። አብዛኞቹ ቀይ ከሆኑ ለሚቀጥለው ዓመት፣ ለዚያው ሰብል በዚያው ማሳ፣ ሌላ ባይገዙም ያስኬዳል።