«ሆርሞን ያስተካክላል» የሚባለውን ክኒን አትግዙ፤ የጀመራችሁም በድንገት አታቁሙ

ሰላም ጎንደሮች። ታናሽ እህቴን በታኅሣሥ ልናጣት ነበር። የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ። ረዘም ይላል፤ ክኒኑን አሁን እየወሰዳችሁ ያላችሁ ግን እባካችሁ ጽሁፉን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እህቴ ከልጅነቷ ቀጭን ናት። ሠርጓ ለጥር ተቆርጦ ነበርና «ቬሎ እኮ ሰውነት ይፈልጋል» የሚላት ሰው በዛ። በመስከረም አንዲት ጓደኛዋ ፒያሳ አካባቢ ክኒን ከምትሸጥ ሴት ጋር አገናኘቻት። ሴትዮዋ ሱቅ የላትም፤ በስልክ ተቀጣጥራ መንገድ ላይ ነው የምታስረክበው። እህቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ሆርሞንሽ ተዛብቷል፣ ይሄ ያስተካክልልሻል» አለቻት። የደም ምርመራ የለ፣ ሌላ ሕመም አለብሽ ወይ ብሎ መጠየቅ የለ። የወር ሒሳቡ 1,500 ብር። ክኒኑ ማሸጊያ የለውም፤ ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ተቋጥሯል። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። የምግብ ፍላጎቷ ተከፈተ፣ በጥቅምት ጉንጮቿ ሞሉ። እማዬ «እሰይ፣ ልጄ አማረባት» አለች። እኔም ፎቶ አንስቼ ለአክስቶቼ ላክሁ።

በኅዳር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፊቷ ክብ ብሎ ቀላ። ሆዷ ገፋ፤ ክንድና ጭኗ ግን ይባስ ቀጠነ። ቬሎ ስትለካ ሆዷ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ሰፋፊ ሸንተረር አየሁ። አንድ ቀን ቡና አፍልታ ስትጨርስ ከበርጩማው ለመነሳት ግድግዳ ያዘች። የ24 ዓመት ልጅ! «እግሬ ከዳኝ፣ እታለም» አለችኝ። ያኔውኑ ሐኪም ቤት ልወስዳት ይገባ ነበር። አልወሰድኳትም።

በታኅሣሥ የሻጯ ስልክ ዝግ ሆነ፣ ክኒኑም አለቀ። በአራተኛው ቀን እህቴ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ታስመልሳለች፤ ቀና ስትል ያዞራታል። የነቢያት ጾም ላይ ስለነበርን እማዬ «ጾሙ ነው የጎዳት፣ ጠበል እንውሰዳት» አለች። በዚያው ሌሊት ራሷን ሳተች። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። የደም ግፊቷም ስኳሯም ክፉኛ ወርዶ ነበር።

ሐኪሙ ገና እንዳያት «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ላስቲኩን ከቦርሳዋ አውጥቼ ሰጠሁት። ክኒኑ ቢያልቅም ላስቲኩ ውስጥ አንዲት የተቆረጠች ባዶ ማሸጊያ ቀርታ ነበር፤ ጀርባዋ ላይ «...ሜታዞን 0.5» የሚል ይነበባል። ዴክሳሜታዞን ነው። ወዲያው ጉሉኮስ ተተከለላት፣ ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥሯ ተሰጣት። ሊነጋ ሲል ዓይኗን ገለጠች።

እንግዲህ ሐኪሙ ያስረዳኝን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ አድሬናል የሚባሉ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ያመርታሉ። የደም ግፊትና የደም ስኳር እንዳይወድቅ የሚደግፈው፣ ስንታመምም ሰውነት እንዲቋቋም የሚያደርገው እሱ ነው። ትእዛዙ የሚመጣው ከጭንቅላት ነው፤ ፒቱታሪ ከምትባል አተር ከምታህል ዕጢ። ደም ውስጥ ኮርቲሶል ሲያንስ «አምርቱ» ትላለች፣ ሲበቃ ዝም ትላለች።

ዴክሳሜታዞን የኮርቲሶልን ሥራ የሚሠራ፣ ግን እጅግ የበረታ መድኃኒት ነው። 0.75 ሚሊግራሙ 20 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞንን (በመድኃኒት መልክ የተዘጋጀውን ኮርቲሶል) ይተካል። እህቴ በቀን አራት ባለ 0.5 ክኒን፣ ማለትም 2 ሚሊግራም ስትወስድ ነበር። ይህ ጤነኛ ሰውነት በቀን ከሚያመርተው ኮርቲሶል ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ፒቱታሪም «በቅቷል» ብላ ዝም አለች። ትእዛዝ ያጣው አድሬናልም ቀስ በቀስ እየሟሸሸ ሄደ።

ጎረቤት በየቀኑ እንጀራ የሚያመጣላችሁ ቤት አስቡ። ሊጥ የሚያቦካ አይኖርም። እርሾው ይጠፋል፣ ምጣዱ አቧራ ይጠጣል። አንድ ቀን ጎረቤት ቢቀር ቤቱ ጦሙን ያድራል፤ ዛሬ ቢያቦኩ እንጀራው ለነገ አይደርስምና። የአድሬናል ዕጢ ወደ ሥራው ለመመለስ ደግሞ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ብዙ ወራት ይፈልጋል። እህቴን የጣላት ይሄ ነው።

«ወፈረች» ያልነውም ውፍረት አልነበረም። መድኃኒቱ የክንድና የጭን ጡንቻ ያሟሟል፤ ስብ ደግሞ ፊትና ሆድ ላይ ያከማቻል። ለዚህ ነው ከበርጩማ መነሳት ያቃታት። ሲቆይ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የመከላከል አቅም ያዳክማል። ተኝቶ የቆየ የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅስም ይችላል።

መድኃኒቱ በራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በኮቪድ ጠንቶባቸው ኦክስጅን ላይ የነበሩ ሕሙማንን ሕይወት እንደሚያተርፍ የታወቀው ይኸው ዴክሳሜታዞን ነው። ሐኪም አዝዞላችሁ የምትወስዱ ካላችሁ በዚህ ጽሁፍ ደንግጣችሁ እንዳታቆሙ፤ ሐኪማችሁን አናግሩ።

«ሆርሞንሽ ተዛብቷል» የሚለው ወሬ በጣም ያናድደኛል። የትኛው ሆርሞን? የታይሮይዱ? የቆሽቱ ኢንሱሊን? የእንቁላል ዕጢው? እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ምርመራ አለው፤ በዓይን አይታይም። ደግሞ ቅጥነት ራሱ የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ሰው እየበላ ይከሳል፣ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስኳር በሽታም፣ ቲቢም ያከሳል። ይህን የያዘው ሰው ጉንጩን በክኒን ሲነፋ በሽታው ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እንዲህ ያለ ክኒን ለሳምንታት የወሰዳችሁ ካላችሁ፣ ደንግጣችሁ ሽንት ቤት እንዳትጥሉት። በአንድ ጊዜም አታቁሙ። የቀረውን ከነላስቲኩ ይዛችሁ በነገው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ መጠኑ በሐኪም ክትትል በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚቀነሰው። አቁማችሁ ከሆነና ድካም፣ ማስመለስ፣ ማዞር ከጀመራችሁ ነገን አትጠብቁ። ለሐኪሙም «ክኒን ስወስድ ነበር» ማለትን አትፍሩ። እህቴ ያኔ መናገር አትችልም ነበር፤ ያተረፋት ቦርሳዋ ውስጥ የነበረው ላስቲክ ነው።

እናቶችም፣ የልጃችሁ ፊት በሁለት ወር ውስጥ ክብ ካለ እልል ከማለታችሁ በፊት ምን እየወሰደች እንደሆነ ጠይቁ። ቆዳ ያቀላል የሚባሉ አንዳንድ ቅባቶችም ከዚሁ ወገን የሆነ ብርቱ መድኃኒት አለባቸው፤ በቆዳ በኩል ደም ውስጥ ይገባል። ሻጭ ካያችሁ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 ደውላችሁ ጠቁሙ።

እህቴ አሁንም ክኒን ላይ ናት፤ በሐኪም ትእዛዝ፣ እየተቀነሰላት። ባለፈው ሳምንት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ክኒኗን ሳትውጥ፣ ለምርመራ ደም ሰጠች፤ ኮርቲሶል ጤነኛ ሰው ላይ ከፍ የሚለው በዚያ ሰዓት ነው። የእሷ ገና ዝቅ እንዳለ ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተዛውሯል። ትኩሳት ከያዛት የመድኃኒቱ መጠን መጨመር እንዳለበት የሚገልጽ ወረቀት ተሰጥቷት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። እኔም ፎቶውን ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ።