ሮም ውስጥ ዓሣ ከማዘዛችሁ በፊት ሚዛኑን ጠይቁ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሮም ለመሄድ ትኬት የቆረጣችሁ፣ ወይም በዚያ ስታልፉ ሁለት ሦስት ቀን ከተማዋን ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ እንዳትነሱ። ስለ ኪስ አውላቂ አይደለም የማወራው። እሱንማ ሁሉም ሰው ይነግራችኋል፤ ቦርሳችሁን ወደ ደረታችሁ አዙሩ ይሏችኋል፣ ልክ ናቸው። እኔ የማወራው ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ በፈገግታ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት ስለሚወሰድባችሁ ገንዘብ ነው።

አራት ሆነን ነበር፤ እኔ፣ እማዬ፣ የአክስቴ ልጅና ባለቤቷ። ምግብ ቤቱ መሃል ሮም ካለው አደባባይ፣ ከፒያሳ ናቮና ጀርባ ነው። ስሙን አልጠራም። እማዬ ፍልሰታን ይዛለች፤ ስለዚህ ፓስታ በቲማቲም፣ ያለ አይብ አዘዘች። እኔም ሌላ ፓስታ አዘዝኩ። ባልና ሚስቱን ግን ዓሣ አማራቸው።

አስተናጋጁ በረዶ የተሞላ ትሪ ይዞ መጣ። ከመሃል ትልቁን አንስቶ አሳየን። "ዛሬ ጠዋት የገባ ነው፣ ለሁለት ይበቃችኋል" አለ። የአክስቴ ልጅ ዋጋውን ጠየቀችው። ሜኑው ላይ በጣቱ አሳያት። 8 ዩሮ ይላል። ጣቱ ግን ከቁጥሩ ቀጥላ የተጻፈችውን ትንሽ ነገር ሸፍኗታል። "በኤቶ" ነው የምትለው። ኤቶ ማለት 100 ግራም ነው።

ዓሣው 1 ኪሎ ከ400 ግራም ሆኖ ሂሳብ ላይ መጣ። 14 ኤቶ፣ በ8 ዩሮ፣ 112 ዩሮ! ሁለቱ ፓስታ 14 እና 16። ከዓሣው ጋር "ትንሽ አትክልት ላምጣላችሁ?" ብሎ ያመጣው ሁለት ሰሃን ዝኩኒ እያንዳንዱ 8። ሁለት ጠርሙስ ውሃ 10። "ኮፔርቶ" የሚል መስመር አለ፤ በሰው 3፣ ለአራት 12። ይህ ሁሉ 180 ሆነ። ከዚያ 15 በመቶ የአገልግሎት፣ 27 ዩሮ። ድምሩ 207 ዩሮ። ወይን አልጠጣን፣ ጣፋጭ አልበላን።

እማዬ ሂሳቡን አይታ "ዓሣው ወርቅ ውጦ ነበር እንዴ?" አለች።

አሁን ልብ በሉ። ዓሣን በ100 ግራም መሸጥ ጣሊያን ውስጥ የተለመደ ነው፣ ሕጋዊም ነው። ጥሩ የሚባሉት ቤቶችም እንደዚያ ይሸጣሉ። ልዩነቱ ጥሩው ቤት ዓሣውን ከመጥበሱ በፊት መዝኖ "ይህን ያህል ይሆናል፣ ይስማማችኋል?" ይላችኋል። ሌላው ዝም ብሎ ወደ ኩሽና ይዞት ይሄዳል። የሚመዘነው ደግሞ ጥሬው ነው፤ ከነጭንቅላቱ፣ ከነአጥንቱ። ሰሃናችሁ ላይ የሚደርሰው ሥጋ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ዓሣ ካማራችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ እዩ። ጠቅላላ ዋጋውን ወረቀት ላይ አስጽፉት፤ ቋንቋ አያስፈልግም፣ ቁጥር ቁጥር ነው። ካልሆነም በሰሃን ዋጋ የተተመነ የዓሣ ምግብ እዘዙ። ስቴክም በኤቶ የሚሸጥበት ቤት ስላለ ሥጋ ስታዙም ያቺን ቃል ፈልጓት።

ይህ በኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሮም ውስጥ ሁለት ጃፓናውያት ወጣቶች ለሁለት ሰሃን ስፓጌቲ በዓሣና ለውሃ ወደ 430 ዩሮ ተጠይቀው፣ ደረሰኙ ዓለምን ዞሯል። ከዚያ ውስጥ 80 ዩሮው ጉርሻ ነበር። ከዚያ በፊት በ2018 ቬኒስ ላይ አራት ጃፓናውያን ተማሪዎች ለስቴክና ለተጠበሰ ዓሣ ከ1,100 ዩሮ በላይ ከፍለው የከተማው ከንቲባ ሳይቀር መልስ ሊሰጥበት ግድ ሆኗል። በ2013 ደግሞ እዚያው ሮም "የስፔን ደረጃዎች" ከሚባሉት አጠገብ እንግሊዛውያን ቱሪስቶች ለአራት ጀላቶ (የጣሊያን አይስክሬም) 64 ዩሮ ከፍለዋል። አራት ጀላቶ!

ወደ ኮፔርቶ ልመለስ፤ እዚህ ላይ የሚጠቅም ነገር አለ። ኮፔርቶ ማለት ለጠረጴዛ ጨርቁ፣ ለሹካና ማንኪያው፣ ለዳቦው ተብሎ በሰው የሚጠየቅ ገንዘብ ነው። ብዙ የጣሊያን ክልሎች ውስጥ ሜኑ ላይ እስከተጻፈ ድረስ ይፈቀዳል። ሮም ያለችበት የላዚዮ ክልል ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ሕግ ከልክሎታል። ይህን የነገሩን በማግስቱ ያገኘናቸው፣ ሮም ብዙ ዘመን የኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ደረሰኙን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

"ዓሣውን ተዉት፣ ተጽፏል ይሏችኋል" አሉ። "ኮፔርቶውን ግን ሄዳችሁ መልሱ በሏቸው።"

"ዳቦም ሰጥተውናል እኮ ጋሼ" አልኳቸው።

"ዳቦ ብለው ቢጽፉትማ ሌላ ነበር። ዳቦውን ከበላችሁት ትከፍሉ ነበር። ኮፔርቶ ብለው ነው የጻፉት።"

ሄድን። ገንዘብ ተቀባዩ መጀመሪያ እንግሊዝኛ የማይሰማ ሆነ። ሕጉን ስልክ ላይ በጣሊያንኛ ስናሳየው 12 ዩሮዋን በሳንቲም ቆጥሮ መለሰ። ነገሩን የሚያውቁት ብዙዎቹ ቤቶች አሁን መስመሩን "ዳቦ" ብለው ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ሳታዙ ቅርጫት ዳቦ ቢመጣና ካልፈለጋችሁት በእጃችሁ ሳትነኩት ወዲያው መልሱት። አያፍሩም፣ እናንተም አትፈሩ። የአገልግሎት ክፍያም ሜኑው ላይ ካልተጻፈ የመክፈል ግዴታ የለባችሁም። ከተጻፈና ከከፈላችሁ ደግሞ ተጨማሪ ጉርሻ አትስጡ። ጣሊያኖች ራሳቸው ከሂሳቡ ትርፍ ሳንቲም ቢተዉ ነው።

ነሐሴ ላይ ይህ ሁሉ ለምን ይብሳል? ሮማውያን ከከተማው ይወጣሉ። ነሐሴ 15 በነሱ አቆጣጠር ፌራጎስቶ የሚሉት በዓል ነው፤ የእመቤታችን ዕርገት። በዚያ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሙሉ ወሩን፣ የሰፈር ሰው የሚበላባቸው ቤቶች "ለእረፍት ተዘግቷል" የሚል ወረቀት ለጥፈው ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ። ክፍት ሆኖ የሚጠብቃችሁ በአብዛኛው ቱሪስት አገኛለሁ ብሎ የተቀመጠው ነው። በር ላይ ሰው አቁሞ፣ እንደ ታክሲ ወያላ እየጠራ የሚያስገባ ቤት ካያችሁ እለፉት። የምግቡን ፎቶ በስድስት ቋንቋ የለጠፈውንም እለፉት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እራት የሚያቀርበውንም እንዲሁ፤ ሮማዊ ከ2 ሰዓት በፊት እራት አይቀመጥም። ከናቮና፣ ከትሬቪ ፏፏቴና ከጥንታዊው ቤተ መቅደስ ከፓንቴዮን ፊት ለፊት ራቅ ብላችሁ ወደ ቴስታቾ ወይም ወደ ኦስቲየንሴ ሰፈር ብትሄዱ ያው ፓስታ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ትራስቴቬሬም ጥሩ ነው፤ ግን ዋና መንገዱ ላይ ያሉት ከናቮና ብዙም አይለዩም።

ጾም ለያዘ ሰው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ፤ በያይነቱ ታገኛላችሁ። (ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ስሙ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ነው። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። እንጀራ በልታችሁ ስትወጡ አንዴ ቀና ብላችሁ ታቤላውን እዩት።) ከጣሊያኖቹ ደግሞ ፒሳ ማሪናራ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው።

የአሳማ ነገርም አለ፤ ይህ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ነው። ሮም የምትታወቅባቸው ፓስታዎች ውስጥ ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ ሦስቱም የአሳማ ጉንጭ አለባቸው። ሜኑው ላይ ስሙ ብቻ ይጻፋል፤ ማንም አያስጠነቅቃችሁም። ካቾ ኤ ፔፔ ግን አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። ምንም ጥርጣሬ የማትፈልጉ ከሆነ በፖርቲኮ ዶታቪያ ዙሪያ ባለው የአይሁዶች ሰፈር የኮሸር (በአይሁድ ሕግ የሚዘጋጅ፣ አሳማ የሌለበት) ምግብ ቤቶች አሉ። ዋጋቸው ግን ርካሽ አይደለም።

ቡና ቆሞ መጠጣት ነው። ባንኮኒው ላይ ኤስፕሬሶ 1 ዩሮ ከምናምን ነው፤ ያው ቡና አደባባይ ላይ ወንበር ስባችሁ ከተቀመጣችሁ 5 እና 6 ዩሮ ሊሆን ይችላል። የዋጋ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ሁለት ዓምድ አለው፣ የባንኮኒና የጠረጴዛ። ማኪያቶ ማዘዝ ለኛ ሰው እንደማይከብደው አውቃለሁ። ጀላቶውን ደግሞ በቀለሙ ለዩት። ፒስታቺዮው ደማቅ አረንጓዴ፣ ሙዙ ደማቅ ቢጫ ሆኖ እንደ ተራራ ከተቆለለ ቀለምና አየር ነው የምትገዙት። ጥሩው ደብዘዝ ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ገዝታችሁ የስፔን ደረጃዎች ላይ እንዳትቀመጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። ውሃ ደግሞ ጭራሽ አትግዙ። ከተማው ውስጥ "ናዞኒ" የሚባሉ ወደ 2,500 የሚጠጉ የመንገድ ቧንቧዎች ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ የሚጠጣ ውሃ ያፈሳሉ፣ በነጻ። አፉን በጣት ስትደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈነጥቃል፤ እማዬ በጣም ነው የወደደችው።

ትኬት ላይ አጭር ልበል። ኮሎሲየም ዙሪያ አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ሰዎች "ሰልፍ የለም" እያሉ ያሳድዷችኋል። ዋናው ትኬት 18 ዩሮ ነው፤ አጠገቡ ያሉትን ጥንታዊ ቦታዎች፣ ፎሩምንና ፓላቲን ኮረብታን ይጨምራል። እነሱ ከእጥፍ በላይ ይጠይቁበታል። የደህንነት ፍተሻውን ሰልፍ ደግሞ በምንም ትኬት መዝለል አይቻልም። ትኬቱ ከጥቅምት 2023 ወዲህ ስም ተጽፎበት ነው የሚሸጠው፤ ስለዚህ በይፋዊው ድረ ገጽ ላይ ቀድማችሁ፣ ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስገቡ። በ2025 የጣሊያን የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የቀድሞውን ትኬት ሻጭና ስድስት የጉብኝት ድርጅቶችን በድምሩ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ቀጥቷል፤ ትኬቱ በኮምፒውተር ፕሮግራም ተለቅሞ ተራው ሰው በመደበኛ ዋጋ እንዳያገኝ ሆኗል በሚል ነው። ፓንቴዮን መግቢያው በክፍያ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያ ግን ነጻ ነው፤ አደባባዩ ላይ የመግቢያ ትኬት ልሽጥላችሁ የሚላችሁን አትስሙ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ነጠላ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ነገሩ አለቀ፤ እዚያው በር ላይ ስካርፍ ከሚሸጡትም ትድናላችሁ።

ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ መሃል ከተማ የታክሲ ዋጋ የተቆረጠ ነው። የምትሄዱበት ከአውሬሊያን ግንብ (ከጥንቱ የከተማ ቅጥር) ውስጥ ከሆነ 55 ዩሮ፣ ሻንጣን ጨምሮ፣ ለመላው መኪና እንጂ በሰው አይደለም። ነጩን የከተማውን ታክሲ ከሰልፉ ያዙ። አዳራሹ ውስጥ "ታክሲ ታክሲ" እያለ የሚቀርባችሁን ተዉት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ባቡሩ ይሻላል፤ ቀጥታ ወደ ቴርሚኒ የሚሄደው 14 ዩሮ ነው።

ሂሳብ ስትከፍሉ በካርድ ክፈሉ። "ማሽኑ ተበላሽቷል" የሚለው ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ነገር ግን ከሰኔ 2022 ወዲህ ካርድ አልቀበልም ያለ ነጋዴ ይቀጣል። በእጅ የተጻፈ ድምር ብቻ ከሰጧችሁ ትክክለኛውን ደረሰኝ ጠይቁ። የሜኑውን ገጽ፣ በተለይ ታች ያለውን ትንሽ ጽሑፍ፣ ከመክፈላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ደረሰኝ አንሰጥም ካሉ የፋይናንስ ፖሊሱ ስልክ 117 ነው፤ ብዙ ጊዜ መደወል ሳያስፈልግ ቁጥሩን ስትጠሩት ደረሰኙ ይመጣል።