«ዱቄቱን አስቀምጪው» ላሉኝ የእንስሳት ሐኪም

ይህን ምስጋና ለመጻፍ 3 ሳምንት ጠበቅሁ። ቶሎ ማመስገን ፈርቼ ነው። ጫጩት ማታ ሲሯሯጥ አምሽቶ ጠዋት እግሩን ዘርግቶ ሊገኝ ይችላል፤ ሳያረጋግጡ «ዳኑልኝ» ብሎ መለጠፍ በኋላ ያሳፍራል። አሁን ግን ክንፋቸው ላባ አውጥቷል፣ ደረት ለደረት እየተገፋፉ መጣላትም ጀምረዋል። የሚጣላ ጫጩት ጤነኛ ነው ብዬ ልጻፍ።

የገዛኋቸው 25 የአንድ ቀን ጫጩቶች ነበሩ። በ4ኛው ቀን ማታ አንዱ አስነጠሰ። ጫጩት ሲያስነጥስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ክብሪት ተጭሮ ሳይቀጣጠል ሲቀር የምትሰማው ድምፅ አለች አይደል፣ እሷ ናት። ሳቄ ሁሉ መጥቶ ነበር። በማግስቱ የሚያስነጥሱት 7 ሆኑ። በ6ኛው ቀን ጠዋት ሁለቱ ሞተው ጠበቁኝ፤ ከቀሩትም አንዳንዶቹ አንገታቸውን ወደ ላይ ሰግገው፣ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚተነፍሱት።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «የመንገድ ብርድ ነው፣ ይለቃቸዋል» አለኝና ዘጋው። ያማከርኳቸው ሰዎች ደግሞ በሙሉ አንድ ቃል ናቸው፦ አንቲባዮቲክ በውሃ በጥብጠሽ ስጪ። ዱቄቱን ገዛሁ። ማንኪያ ይዤ ቆሜ ሳለ ነው አንዲት ጓደኛዬ የእኚህን የእንስሳት ሐኪም ስልክ የላከችልኝ።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የሞቱትን የት አደረግሻቸው?» የሚል ነበር። ልጥላቸው ነው ስላቸው ተቆጡ። «በላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ። ፍሪዘር እንዳይሆን፤ በረዶ ከሆኑ ውስጣቸው ይበላሽና የሚነበብ ነገር አይኖርም።» ስለ ዱቄቱ ስነግራቸው «አስቀምጪው፣ እስክመጣ እንዳትነኪው» አሉኝ።

መጡ። ጫጩቶቹን ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ ሣጥኑ አጠገብ ቁጢጥ አሉና ዝም በይ አሉኝ። ሁለት ደቂቃ ያህል ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ። ከዚያ የሸፈንኩበትን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርገው ፊታቸውን ወደ ውስጥ፣ እስከ ሰጋቱራው ድረስ አስገቡ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አንቺም ሞክሪ።»

ሞከርኩ። አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ፣ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ከላይ ቆሜ ሳያቸው ይሄ ሽታ የለም ነበር፤ ወይም ነበረ፣ አፍንጫዬ ለምዶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዳይበርዳቸው ብዬ ሣጥኑን ዙሪያውን አፍኜዋለሁ። የመጠጫው ዙሪያ ሰጋቱራ ረጥቧል። ኩስና እርጥበት ሙቀት ሲያገኙ አሞኒያ የሚባል የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣቸዋል። አሞኒያው ደግሞ በጫጩቱ የአየር ቧንቧ ውስጥ ያሉትን፣ አቧራና ተህዋስ ጠርገው የሚያስወጡትን ደቃቅ ፀጉሮች ይጎዳል። ጠራጊ ከሌለ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። በዶሮ እርባታ አሞኒያ ከ25 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 25 ማለት ነው) ማለፍ የለበትም ይባላል፤ እሳቸው ግን መለኪያ አያስፈልግሽም አሉኝ። ዓይንሽን ካቃጠለሽ ለእነሱ ካለፈ ቆይቷል።

ቀጥለው ቴርሞሜትሬን ጠየቁ። ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ 30 ዲግሪ ይላል። አውርደው ከአምፖሉ ሥር በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ አስቀመጡት። 38 አነበበ! በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈለገው ከ32 እስከ 35 ነው፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ መሄድ። እኔ የግድግዳውን ሙቀት ነበር የምጠብቀው።

በጣም የደነቀኝ ግን ቀጥሎ ያሳዩኝ ነው። አፋቸውን የከፈቱት ጫጩቶች ለእኔ ሁሉም በሽተኞች ነበሩ። «እነዚህን እይ» አሉኝ። ክንፋቸውን ከጎናቸው ፈታ አድርገው፣ ከአምፖሉ ርቀው ጠርዝ ላይ ተለጥፈው፣ ቶሎ ቶሎ ግን ያለ ድምፅ የሚያለከልኩት ሙቀት የበዛባቸው ናቸው። አምፖሉን ከፍ ሲያደርጉላቸው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አፋቸውን ገጠሙ። ሌሎቹ 6 ግን በያንዳንዱ ትንፋሽ አንገታቸው ይሰገጋል፣ ጅራታቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዱን አንስተው ጆሮዬ ላይ ሲያስጠጉልኝ ደረቱ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ነገር ይሰማል። የሁለቱ ዓይን ጥግ ላይ አረፋ ነበር። በሽተኞቹ እነዚህ ናቸው።

የሞቱትን እዚያው ከፍተው አዩ። (እኔ ዞር ብዬ ነበር፣ አልዋሽም።) ሳንባቸው ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ፍሬ የመሰለ ነገር ቢኖር ከሰጋቱራ ወይም ከመኖ ሻጋታ የሚመጣው የሳንባ በሽታ ይሆን ነበር፤ እሱን አንቲባዮቲክ አይነካውም። አልነበረም። ሻጩ ጋ በእኔ ስልክ ደውለው ስለ ክትባቱ ጠየቁት። በተፈለፈሉበት ቀን የፈንግልና የብሮንካይተስ (ሁለቱም የዶሮ ተላላፊ በሽታዎች ናቸው) ክትባት በርጭት ተሰጥቷቸዋል። በርጭት የሚሰጠው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ቀላል ማስነጠስ ያስከትላል፤ አየሩ ንጹሕ ከሆነ በጥቂት ቀን ይለቃል። የእኔ ሣጥን ግን አየሩ ንጹሕ አልነበረም። ቀላሉን ነገር እኔው አከበድኩት ማለት ነው። በዚህ ላይ ማይኮፕላዝማ የሚባል መተንፈሻን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ሊኖር ስለሚችል ናሙና ወስደው ወደ ላቦራቶሪ ላኩ፤ እሱ በእንቁላል ከእናት ወደ ጫጩት የሚተላለፍ ሲሆን ምልክቱ ቢጠፋ እንኳ ወፏ ተሸካሚ ሆና ትቀራለች። ውጤቱ ነጻ ነው ተባለ፤ ያን ቀን የተነፈስኩት ትንፋሽ!

ሥራው ቀላል ነበር፣ ግን ዝርዝር ይወዳሉ። ጫጩቶቹ ወጥተው ነው ሰጋቱራው የሚቀየረው፣ አቧራው እንዳይደርሳቸው። መጠጫው ጡብ ላይ ይወጣል፣ በጀርባቸው ከፍታ፤ ያኔ አይረጭም። ብርድ ልብሱ ከላይ ይገለጣል፣ ከታች ግን ንፋስ አይገባም። ስድስቱ በሌላ ሣጥን፣ የራሳቸው አምፖልና መጠጫ ይዘው፣ አንድ ላይ። ጫጩት ብቻውን ከሆነ ሲጮህ ይውላል፣ መብላትም ይተዋል። የተደፈነ አፍንጫ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ይጠረጋል። ሁልጊዜ መጀመሪያ ጤነኞቹ ይመገባሉ፣ ከዚያ በሽተኞቹ፤ ሌላ ጫማ ማድረግ፣ እጅ መታጠብ።

ዱቄቱስ? እሳቸው በመጡ በ3ኛው ቀን ከስድስቱ የ4ቱ ዓይን አብጦ ወፍራም ፈሳሽ ሲያወጣ ባክቴሪያ ተደርቧል ብለው አዘዙ። ለ4ቱ ብቻ፣ መጠኑን በክብደታቸው ለክተው፣ ሙሉ 5 ቀን። ለሁሉም በውሃ ከበጠበጥሽው አብዛኛውን የሚጠጣው ጤነኛው ነው አሉኝ፤ የታመመው ብዙ ውሃ አይጠጣም፣ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚያስፈልገው እሱ ነው የሚያጣው። ይህችን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ማንኪያ ይዤ አልቆምም ነበር። ከ4ቱ አንዱ ሞተ። 22 አሉኝ።

ሲሄዱ በር ላይ ቆመው አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። አረንጓዴ ተቅማጥ ካየሽ፣ አንገት ከተጣመመ ወይም ብዙ በአንዴ ከሞተ ፈንግል ወይም ከዚያ የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አንድም ጫጩት ከግቢ አይወጣም፣ ለማንም አይሰጥም፣ ወዲያው ለእኔና ለሚመለከተው አካል ነው የሚደወለው።

እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ቁጡ ናቸው። ስልካቸውም እንደልብ አይነሳም፤ እኔ ሦስቴ ደውዬ ነው ያገኘኋቸው። ቆንጆ ወሬ የሚፈልግ ሰው ሌላ ይፈልግ። ግን በሦስቱም ምልልሳቸው አንድም መድኃኒት ሊሸጡልኝ አልሞከሩም፣ የመጨረሻውን ቀን «ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት» ብለው ሂሳብ አልቀበልም አሉ።

ስማቸውን አደባባይ አታውጪው ስላሉኝ እዚህ አልጻፍኩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ቴርሞሜትሩን ጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ላይ አድርጋችሁ አንብቡ፣ ሣጥኑ ውስጥም አፍንጫችሁን አስገቡ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው፤ «አላየሁም» ካላችሁ «አይተሽ ደውይ» ብለው ይዘጉታል።