መንገድ ላይ ለምትጠፋ አሮጌ መኪና፦ የሳሪሱ ኤሌክትሪሺያን

ዛሬ አንድ ሰው በአደባባይ ላመሰግን ነው። መኪናው መንገድ ላይ የሚጠፋበት ሰው ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

የኔ ቶዮታ ዲኤክስ ናት፣ ባለ ካርቦራተር፣ የ1984 እ.ኤ.አ. ስሪት። ጠዋት ያለ ምንም ችግር ትነሳለች። ሞቅ ሲላት፣ በተለይ መንገድ ሲጨናነቅ፣ ድርግም ብላ ትጠፋለች። ስታርተሩ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን እሺ አይልም። ትንሽ ቆይቼ ስሞክራት ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ቃሊቲ መንገድ ላይ ልጆች ይዞ፣ ከኋላ ከባድ መኪና እየመጣ፣ እንዲህ መቆም ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

የሄድኩባቸው ጋራዦች መጀመሪያ የሚነግሩኝ የሚገዛ ዕቃ ነው። ካንዴላ ተቀየረ፣ ፊልትሮ ተቀየረ፣ ካርቦራተር ታጠበ፣ የቤንዚን ፓምፕ ሳይቀር ተገዛ። አንደኛው ቤንዚኑ በሙቀት እየተነነ ነው ብሎ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ እንዳደርግ መከረኝ፤ ጨርቁን አድርጌ ስጠብቅ ስለምትነሳ እውነት ይመስል ነበር።

ሳሪስ ያሉት ጋሼ ግን ምንም አልፈቱም። "ስትጠፋ ነው ማየት ያለብኝ" አሉና አስነስተው፣ ኮፈኑን ዘግተው እስክትግል ጠበቁ። ጠፋች። ወዲያው በካርቦራተሩ መስታወት አዩ፣ ቤንዚን አለ። የካንዴላ ገመድ ነቅለው ብረት አጠገብ ያዙና ስታርተር አስመቱኝ፣ እሳት የለም። ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ኮይል ደግሞ ከመጋሉ የተነሳ እጅ አያስጠጋም።

ያረጀ ኮይል ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገናኛል። ታዲያ ሲያስነሳት የነበረው ጨርቁ ሳይሆን መጠበቁ ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን ኮይል ቀይረው አለመሸኘታቸው ነው። "ለምንድነው እንዲህ የጋለው?" ብለው ሽቦውን ተከትለው ሄዱ። ለካ የኔ ኮይል ሬዚስተር ያስፈልገዋል፤ ኃይሉ በሱ በኩል ተቀንሶ ነው መድረስ ያለበት። ከዚህ በፊት የነካው ሰው ሬዚስተሩን ዘሎ 12 ቮልቱን በቀጥታ አገናኝቶታል። አዲስ ኮይል ብቻ ቢገባ እሱም ይቃጠል ነበር።

መጀመሪያ ሽቦውን አስተካክለው፣ እሳቸው ጋ ያለ አሮጌ ኮይል አስገብተው ሞከሩ። መዳኗን ሲያረጋግጡ ነው ናሙና አስይዘው አዲሱን ኮይል እንድገዛ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የላኩኝ። የእጅ ዋጋቸው በከንቱ ከገዛሁት ፓምፕ በጣም ያንሳል። አሁን ጭንቅንቅ ውስጥ ቆማም ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተሩ ዙር) ሳይዛባ ትሠራለች።

የሚሠሩት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፣ ፍሬንና የሞተር ሥራ አይነኩም። ስትሄዱ መኪናው መቼ እንደሚጠፋ፣ ሲግል ነው ወይስ ገና ሳይሞቅ፣ በደንብ ንገሯቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለጠየቁኝ የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ እልካለሁ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።