ኪቦርዴን ላልነካብኝ መምህር

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረጎን ስወጣ ከረምኩ። ያመላለሰኝ አንድ ወጣት የፕሮግራሚንግ መምህር ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለኝ አልጽፈውም። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ልናገር።

ከልጄ ጋር አንዲት ትንሽ ጌም ለመሥራት አስበን ነበር። ቃሉ ወረዳ ውስጥ ማሽላ ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። እኔም በልጅነቴ ጠብቄያለሁ። ጌሙም ይኸው ነው። ግሪሳ ከላይ ይወርዳል፣ ማማው ላይ ያለው ልጅ በወንጭፍ ይመታዋል። ስሙንም «ግሪሳ» አልነው። ተማሪ ሳለሁ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነካክቼ ስለነበር በእሱ ጀመርኩት። ሦስት አራት ወፍ እንደተመታ ድርግም ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ አሥር ደቂቃ ደህና ይሠራል። ገንዘብ ከፍዬ የተመዘገብኩበት አንድ ማሠልጠኛ ያለቀ ኮድ በፍላሽ ሰጥቶ ነው የሸኘኝ።

ይሄ ወጣት መምህር ግን ኮዱን አይቶ ችግሩን ቶሎ አገኘው። የተመታውን ወፍ ከሜሞሪ አጥፍቼዋለሁ፤ ዝቅ ብሎ ያለው መስመር ግን ያንኑ ወፍ ይፈልጋል። በቦታው ምን እንደሚቆየው አይታወቅም። ለዚህ ነው አንዴ የሚሠራው፣ አንዴ የሚወድቀው። «ጋሼ፣ በረስት እንደገና ይጻፉት» አለኝ። ረስት ግሬይደን ሆር የተባለ የሞዚላ (የፋየርፎክስ ብሮውዘር ሠሪ) ባለሙያ በ2006 በግሉ የጀመረው ቋንቋ ነው። እትም 1.0 የወጣው በ2015 ነው፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ። እንዲህ ያለውን ስህተት ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ስክሪኔ ቀይ በቀይ ሆነ። «ስህተት ኢ0502» ይላል። የወፎቹን ዝርዝር እያነበብኩ፣ እዚያው መሀል ወፍ ላወጣ ስል ነው። ላፕቶፑን ወደ እሱ ገፋሁት። መልሶ ወደ እኔ ገፋው። «አብሽሩ ጋሼ፣ መልእክቱን ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።» አነበብኩ። ደብተሬን ከጠረጴዛው አነሳና «ይሄ የእርስዎ ነው። ላነበው ቢያውሱኝ፣ ሌላም ሰው አብሮኝ ቢያነብ ግድ የለም። እያነበብኩ ሳለሁ ገጽ ቢቀዱበትስ?» ብሎ ዝም አለ።

ያ ዝምታ ነው ያስተማረኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ታገልኩ፣ አንድም ቁልፍ አልነካልኝም። መጨረሻ ላይ ገባኝ፤ ደብተሩ የወፎቹ ዝርዝር ነው፣ እየተነበበ አይቀደድም። ወፎቹን አንድ በአንድ በሚያየው ዙር መሀል የተመታው ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ደግሞ «ሪቴይን» በምትባለው ትእዛዝ ያልተመቱትን ማስቀረት። ደስታዬን ዛሬም አልረሳውም።

ረስት ሁሉን አይዝም፣ እሱንም አልደበቀኝም። ጌሙ በእሱ ላፕቶፕ ላይ ከእኔው ከእጥፍ በላይ ይፈጥን ነበር፤ ኮዱን መርምሮ ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለርም ምንም አላለም። የእሱ ስክሪን በሴኮንድ 144 ጊዜ ይታደሳል፣ የእኔ 60 ጊዜ። እኔ ወፉን በእያንዳንዱ እድሳት እኩል ነበር የማወርደው። ያኔ ነው በፈረንጆቹ 1978 ጃፓን ውስጥ የወጣውን ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለ ጌም ታሪክ የነገረኝ። ጠላቶቹ ሲያልቁ ማሽኑ የሚስለው ስለሚቀንስ የቀሩት ይፈጥናሉ፤ ሠሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶም እንዲያው ተወው። እኛ ግን ፍጥነቱን በሁለት እድሳት መካከል በሚያልፈው ጊዜ አባዝተን አስተካከልነው።

ኢንተርኔት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። የረስት ማብራሪያ ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ እንደሚከፈት አሳይቶኛል።

ባለፈው እሁድ ልጄ ረጅም ሰዓት ተጫወተች። አንዴም ድርግም አላለም። ወንድሜ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ፕሮግራሚንግ ትንሽ ለነካካ ሰው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት ያስተምራል። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ቀን ኮምፓይል ማድረጉ ስለሚቆይ ቻርጀር አትርሱ። ፈቅዶልኛልና ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ጀባ ብያለሁ።