አዲስ አበባ መኪና ቱን የምታስደርጉ፣ ጌጁና ላፕቶፑ አንድ ቁጥር ሳያሳዩ ብር አትክፈሉ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቨርጂኒያ ለእረፍት አገር ቤት ገብቼ በቅርቡ ነው የተመለስኩት፣ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ሁሉ ልጽፍ አስቤ ነበር ግን ንዴቴ ያለው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ላሳልፈው። ቦሌ ጉምሩኮች ጥሩ ነበሩ፣ ሻንጣዬ ውስጥ የነበረውን ጌጅ (መለኪያ) አውጥተው ምንድነው አሉ፣ የመኪና ነው ስላቸው አገላብጠው አይተው መለሱልኝ። የታክሲ አፕ ይሰራል፣ ሹፌሮቹም ጨዋ ናቸው። ኢንተርኔቱ እንደምታውቁት ነው። ጋራዥ ግን፣ ወይ ጋራዥ።

ታናሽ ወንድሜ ዲኤክስ ኮሮላ አለው፣ የአባታችን የነበረች። በ2016 ዓ.ም. መንግስት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ጭራሽ አልሸጣትም ብሎ 4ኤ-ጂኢ ሞተር (ያቺን 1.6፣ ባለ 16 ቫልቭ) ገጠመላት፣ ካርቦራተሩን ጥሎ ኢንጀክሽን አደረጋት፣ ቤንዚኑን የሚያዘው ኮምፒውተሯ ሜጋስኩዊርት የሚባለው ነው። ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ግን ቱን አልተደረገችም፣ ማለትም ቤንዚኑ ለሞተሯ በልኩ አልተስተካከለም። ዱባይ ካለ ጓደኛው መኪና የተገለበጠ ማፕ (መቼ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚሰጥ ለኮምፒውተሩ የሚነግር ሰንጠረዥ) ነው የተጫነባት። እኔም በቃ ዋይድባንድ ይዤ እመጣለሁ አልኩት፣ ኤኢኤም ኤክስ ሲሪስ ጌጅ ከነ ሴንሰሩ፣ ሴንሰሩ ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ነው።

ለማያውቅ ሰው፦ ፋብሪካ ጭስ ማውጫው ላይ የሚገጥመው ተራ ኦክስጅን ሴንሰር የሚያውቀው ቤንዚን በዝቷል ወይም አንሷል የሚለውን ብቻ ነው። ለ1 ኪሎ ቤንዚን የገባው አየር ከ14.7 ኪሎ በታች ሲሆን ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፣ ከዛ በላይ ሲሆን ወደ 0.1 ይወርዳል፣ ምን ያህል በዛ ብትሉት መልስ የለውም። ዋይድባንድ ግን ለ1 ኪሎ ቤንዚን ስንት ኪሎ አየር እንደገባ ቁጥሩን ያሳያል። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ 14.7 አካባቢ፣ ሙሉ ስትረግጡ 12.8 ምናምን ላይ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ይሄን ቁጥር ሳያይ ቱን አደረግኩ የሚላችሁ ሰው በጆሮውና በአፍንጫው ነው የሰራው።

መጀመሪያ የሄድነው ቲክቶክ ላይ በየቀኑ ቪዲዮ የሚለቅ፣ ሰዉ ሁሉ እነሱ ጋ ሂዱ የሚለው ጋራዥ ነው። ስሙን አልጽፍም። ወለሉ ሴራሚክ፣ የልጆቹ ቱታ ንጹህ፣ ስትገባ ማኪያቶ ይቀርብልሃል፣ እኔም አገራችን እዚህ ደረሰች እንዴ ብዬ በሆዴ ኮራሁ። ሴንሰሩን መግጠም፣ ማፑን ማስተካከል፣ መንገድ ላይ መሞከር፣ ሁሉም በ25 ሺህ ብር ብለን ተስማማን። ግማሹን በቴሌብር ቀብድ ከፈልኩ። ሁለት ቀን ይበቃናል አሉ።

ከዛ በኋላ ያለውን ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል። ነገ ጠዋት ያልቃል ይላሉ፣ ጠዋት ስንደውል መብራት ጠፍቷል፣ ከሰዓት ስንደውል ላፕቶፑን የያዘው ልጅ ሰርግ ላይ ነው፣ በማግስቱ በያጁ አልመጣም፣ ከዛ ደግሞ ስልክ አይነሳም፣ መጨረሻ ላይ ሳንደውል ሄድን፣ መኪናዋ ወንድሜ ካቆማት ቦታ ንቅንቅ አላለችም፣ ኮፈኗ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። እኔ ቨርጂኒያ የምሄድበት ጋራዥ ስራው ካልደረሰ አልደረሰም ብሎ ቴክስት ያደርጋል፣ ዋጋ የሚጨምር ከሆነ እጁን ሳያስገባ ይደውላል። አዎ እንደምን አደርክ የሚልህ የለም፣ ማኪያቶም የለም፣ ግን ቀንህን አይበላብህም። እኛ እኮ እረፍት ከአለቃ ለምነን ነው የምናገኘው። ያ ሁሉ ጋራዥ በር ላይ የቆምኩበት ሰዓት እናቴ ጋ ቁጭ ብዬ ሶስተኛውን ቡና የምጠጣበት ሰዓት ነበር።

በስንት ጭቅጭቅ ተሰራች ተባለ። ሚኒሞ ላይ (መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ብቻ ሲሰራ) ጌጁ ይዘላል፣ 15፣ 17፣ 16፣ አንድ ቦታ አይቆምም። ይሄ ምንድነው ስለው ባለቤቱ ሳያፍር "ወንድሜ ሴንሰርህ ፌክ ነው፣ አሜሪካም ይሸወዳል እኮ፣ ኦሪጅናሉ እኛ ጋ አለ" አለኝ። እሱ የሚሸጠው ደግሞ ሶማሌ ተራ ከሚጠራበት እጥፍ ነው። አልገዛም አልኩ። ስንነዳት ሌላ ጉድ፦ ጌጁ ቀስ ብለን ስንሄድም 12.9 ይላል፣ ሙሉ ስንረግጥም 12.9 ይላል፣ የልጁ ላፕቶፕ ግን 14.7 ይላል። ልጁ ላፕቶፑን ወደኔ አዙሮ "ፐርፌክት ነው፣ ራሱ ሶፍትዌሩ ነው ያስተካከለው፣ ጌጁን እርሳው" አለኝ። አንዱን ሴንሰር ነው እኮ ሁለቱም የሚያነቡት! ይሄን ስጠይቅ ማንም ሊመልስልኝ አልፈለገም፣ የቤንዚን ሽታ ግን መኪናው ውስጥ ድረስ ይገባ ነበር።

ከዛ ሂሳብ መጣ። 61 ሺህ። 25 ሺው ያው የተስማማነው፣ ሶፍትዌር 15 ሺህ (ወንድሜ ላይሰንሱን ራሱ ገዝቶ እያለ)፣ ሴንሰሩ የሚጠልቅባት "ኢምፖርት የሆነች" ብረት 6 ሺህ፣ ስካን 5 ሺህ፣ ለመንገድ ሙከራ ቤንዚንና የሹፌር 10 ሺህ። መቼ ነው ይሄን የተነጋገርነው ስለው ያኔ የነገርንህ የእጅ ብቻ ነው አለ፣ ቀጥሎም ያቺን ሁላችሁም የምታውቋትን አመጣት፣ "አንተ በዶላር ስታስበው እኮ ምንም አይደለም"። በዶላር አስቤው ነው የተናደድኩት! ለኔ ዶላሩ ከመደርደሪያ አይወርድም፣ በሌሊት ሽፍት ነው የሚመጣው። ቁልፉን አልሰጥም አሉ፣ ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን 48 ሺህ ላይ ቆመ፣ ወንድሜ ይብቃህ ባይለኝ ፖሊስ ጋ እሄድ ነበር። ደረሰኝ ስጡኝ ስል ማህተም የሌለው በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ሰጡኝ።

አሁን ደስ ወደሚለው ልምጣ። የወንድሜ ጎረቤት ቄራ አካባቢ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ውሰዷት አለን። ዕድሜያቸውን በሙሉ ካርቦራተር ሲያስተካክሉ የኖሩ ናቸው፣ ሴት ልጃቸው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ላፕቶፑን የምትይዘው እሷ ናት። ግቢው ጭቃ ነው፣ መቀመጫ የለም፣ ወረፋ አለ፣ ከፊትህ ያለው ሚኒባስ ሳያልቅ አይነኩልህም፣ ፖለቲካም በጣም ያወራሉ ጋሼ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል፣ ሰው ይበዛብኛል ብለው።

መጀመሪያ ላፕቶፕ አልከፈቱም። ካንዴላዎቹን አስፈትተው አዩ፣ አራቱም ጥላሸት በጥላሸት ናቸው። ከዛ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስይዘው ሳሙና ያለው ውሃ ከሴንሰሩ በፊት ያለው መገጣጠሚያ ላይ ረጩበት፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ። "ልጄ፣ እቃህ አልዋሸም፣ ከውጭ የገባ አየር ነው የሚያነበው" አሉኝ። ጓርኒሲዮኑ (መገጣጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ተበልቷል። ሚኒሞ ላይ ጭሱ ትር ትር እያለ ነው የሚወጣው፣ በመሃል በመሃል ቱቦው በቀዳዳው አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ሴንሰሩ ያንን ኦክስጅን ሲያይ ቤንዚን አንሷል ይላል፣ ያኛው ሶፍትዌር ደግሞ አምኖት ቤንዚን ሲጨምር ከርሟል። ይባስ ብሎ ሴንሰሩን የበየዱት ከቱቦው ስር ነው፣ አፉ ወደ ላይ ሆኖ። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ቱቦው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ውሃ የጋለ ሴንሰር ከነካ ውስጡ ያለው ሴራሚክ ይሰነጠቃል፣ ለዛ ነው ሁሌ ከላይ በኩል፣ በፈረንጅ ሰዓት 10 እና 2 መካከል የሚገጠመው። ጋሼ ቶርኖ ቤት አዲስ ብረት አስቆረጡና ከላይ አስበየዱት፣ የድሮውን ቀዳዳ ደፈኑት። ያቺ "ኢምፖርት" 6 ሺህ የተባለችው ከቶርኖ ቤቷ ምንም አትለይም።

ከዛ ልጅቷ ገባች። ያደረገችው ነገር ቀላል ነው፣ "ጌጁ ላይ ያለውን ያንብቡልኝ" አለችኝ፣ እኔ እያነበብኩ እሷ ከላፕቶፑ ጋር አመሳከረች፣ ልዩነቱን ሁለት ቦታ ላይ እንዳየች ሴቲንጉ ውስጥ ገብታ አገኘችው። የኔ ጌጅ 0.5 ቮልት ሲልክ 8.5 ማለቱ ነው፣ 4.5 ቮልት ሲልክ 18 ማለቱ። እዛ የመረጡለት ግን የድሮውን ኤኢኤም ነው፣ 0 ቮልት 10፣ 5 ቮልት 20 የሚለውን። ስለዚህ 2.35 ቮልት ሲሄድለት ጌጁ 12.9 ያሳያል፣ ኮምፒውተሩ 14.7 ነው ብሎ ያምናል። ሊስቱ ላይ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ያለውን አለመምረጥ ነው በቃ። በዚህች ብቻ መኪናዋ ቀስ ብላ ስትሄድ ከሚገባት 14 በመቶ ገደማ ቤንዚን ጨምራ ትጠጣ ነበር፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ለሚያድር ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም።

እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ልጅቷ ግን ማፑን ዝም ብላ ስታየው ቆየችና "ይሄ የቆላ ማፕ ነው" አለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ባህር ዳር ላይ (ከተማውን አይደለም፣ ውቅያኖስ ማለቴ ነው) የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ሲሆን እኛ ጋ 76 አካባቢ ነው። የዱባዩ ማፕ 12.8 ስጥ የሚለው ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት ከ90 ሲያልፍ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወለሉ እስኪበሳ ብትረግጥ 90 አትደርስም፣ ኮምፒውተሩ ሁሌም ቀስ ብለህ የምትነዳ ይመስለዋል፣ ሙሉ ረግጠህም 14.7 ነው የሚፈልገው። ያ የተሳሳተ ሴቲንግ ቤንዚን ስለጨመረ ሙሉ ሲረገጥ በአጋጣሚ 12.9 ላይ አረፈ እንጂ፣ ሴቲንጉን ብቻ አስተካክለን ብንወጣ ኖሮ ሽቅብ ላይ ጉልበት አጥታ እየጋለች ትሄድ ነበር። ይሄን ቨርጂኒያ ያለው የኔ ሰውዬም የሚያየው አይመስለኝም፣ እዛ ሁሉም መኪና ሜዳ ላይ ነው የሚሰራው።

ልጅቷ ሰንጠረዡን ወደ ታች አወረደችው፣ ከ65 ጀምሮ ቀስ እያለ ቤንዚን እንዲጨምር። ከዛ በአዳማ ፈጣን መንገድ ወጣን፣ ወንድሜ ይነዳል፣ እሷ ጎኑ ላፕቶፕ ይዛ፣ እኔ ከኋላ ጌጅ አንባቢ። አንድ ፍጥነት ላይ ትንሽ ያዝ ያደርጋል፣ ትመዘግባለች፣ ይቀጥላል፣ ከዛ በ3ኛ ማርሽ ሙሉ፣ ሁሉም ከ120 በታች ነው እንዳትሰድቡኝ። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወደዛ በወረድን ቁጥር ግፊቱ ከ80 እያለፈ አዲስ መስመሮች ይነኩ ነበር፣ አዲስ አበባ ዙሪያ ብቻ ብንሞክር እነዛ መስመሮች የዱባይ ቁጥር እንደያዙ ይቀሩ ነበር። ስንመለስ ቀስ ብለን 14.6፣ ሙሉ ረግጠን 12.8፣ ሚኒሞ ላይ ዝም። ላፕቶፑም ጌጁም አንድ ቁጥር።

ሁሉም በ18 ሺህ ብር፣ ቶርኖና ብየዳውን ጨምሮ፣ ያውም ጋሼ ሳትበሉ አትሄዱም ብለው ከሰራተኞቻቸው ጋር ሽሮ አብልተውን። ጉርሻም ጭምር አለው፣ በቅባት እጃቸው፣ እምቢ አይባልም። ለልጅቷ ለብቻዋ ስሰጣት አባቷን እያየች ነው የተቀበለችው።

የመጀመሪያውን ጋራዥ ወንድሜ ብር እንዲመልሱ ጠይቋቸው ነበር፣ "ያኔ ስትወስዷት ሰርታ ነው የወሰዳችኋት" ብለው ቪዲዮ ላኩለት፣ ለካ ላፕቶፑ 14.7 ሲል ቀርጸውታል። ቲክቶካቸው ላይም አለ፣ ላይክ በላይክ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሴንሰሩ ከስር በነበረበት ጊዜ ውሃ ሳይነካው አልቀረም፣ ጋሼም ብዙ ላይቆይ ይችላል ብለዋል። ከዲሲ አካባቢ ወደ አዲስ የሚሄድ ኪሎ የተረፈው ሰው ካለ መጠባበቂያ አንድ ኤልኤስዩ 4.9 ልልክ ፈልጌ ነው፣ እሽጉ ያልተከፈተ ነው፣ ወንድሜ ቦሌ ድረስ መጥቶ ይቀበላል፣ ውስጥ መስመር ጻፉልኝ።